የድሮ የመሬት ውልና የዘር ቆጠራ



እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍሁ ሰው ነኝ። ሆኖም ጡረታ እስክወጣ ድረስ በመዝገብ ቤት ፋይል ሳገላብጥ ስለኖርሁ ከወረቀት ጋር እንተዋወቃለን። ዘንድሮ ለመጽሔታችን አንድ ነገር ጻፍ ስባል ስለ ድሮ የመሬት ውል ልጽፍ አሰብሁ። ነገሩ የራሴን ቤት ገመና የሚነካ ስለሆነ ግን ብዙ አመንትቻለሁ።

እንደምታውቁት ሐዋሳችን የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ነው። የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ቀድሞ ይርጋዓለም ነበር። ስለዚህ ከአገሬው ከሲዳማው ወንድማችን በቀር አብዛኞቻችን አባታችን ወይም አያታችን ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ታዲያ ከየት መጣ? የማን ልጅ ነው? ይህን የምንጠይቀው ብዙ ጊዜ የሚነግረን ሰው ካለፈ በኋላ ነው።

በጎጃምና በጎንደር ርስት የሚገኘው ከአቅኚው አባት መወለድን በመቁጠር ነበር፤ ያውም በአባትም በእናትም በኩል። ዘሩን መቁጠር ያቃተው ሰው ርስቱን ተሟግቶ አያገኝም። የመሬት ስጦታና ሽያጭም በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ህዳግ ላይ ከነምስክሮቹ ስም ይጻፍ ነበር።

በደቡብ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ መሬት በቀላድ እየተለካ፣ በጋሻ እየተቆጠረ ለመኳንንት፣ ለወታደርና ለቤተ ክህነት ሲሰጥ ለባላባቱ ሲሶ ይቀርለት ነበር። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው። አራሹ ጭሰኛ ሆነ። የጭሰኛ ውል አብዛኛው በቃል ስለነበረ በጽሑፍ የተደረገው ጥቂት ነው። የተገኘ እንደሆነ ግን የአራሹ ስም ከነአባቱ፣ ዋሱና ምስክሮቹ ሁሉ አሉበት። ዋስ ደግሞ ባዳ አይሆንም፤ አብዛኛውን ጊዜ ዘመድ ነው።

ይህ በእኛ አገር ብቻ አይደለም። አየርላንድ በምትባለው አገር፣ በእነርሱ አቆጣጠር በ1922 በእርስ በርስ ጦርነት የመንግሥቱ መዝገብ ቤት ተቃጥሎ የሕዝብ ቆጠራው ሰነድ ብዙው አመድ ሆነ። ስለዚህ የዚያ አገር ልጆች አያቶቻቸውን የሚፈልጉት በመሬት ኪራይ ውል ጭምር ነው። ለምን ቢሉ፣ ውሉ አንዳንድ ጊዜ የሚደረገው በሦስት ሰዎች ዕድሜ ነበር። ከሦስቱ አንዱ በሕይወት እስካለ መሬቱ አይነቀልም። ገበሬው ውሉ እንዲረዝምለት የትንንሽ ልጆቹን ስም ያስጽፍ ነበር፤ ዕድሜያቸውም ይጻፋል። በደብሊን ከተማም ከ1708 ጀምሮ የውል መመዝገቢያ ቤት ስላለ ብዙው ሳይጠፋ ቆየ።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። በቤታችን «አያትህ የሁለት ጋሻ ባለርስት ነበር» እየተባልሁ ነው ያደግሁ። እኔም ለልጆቼ ይህንኑ ተናግሬአለሁ፤ በድንኳን ውስጥም ስንጫወት አፌን ሞልቼ አውርቻለሁ። እናቴ አርፋ አርባዋ ካለፈ በኋላ አባቴ ከሻሸመኔ በኩል ተሸክሞት የመጣውን ሳጥን ከፈትሁ። ውስጡ ጥቂት የግብር ደረሰኝና አንድ የታጠፈ ውል ነበር።

ሁለት ጋሻው እውነት ተጽፏል። ነገር ግን የባለመሬቱ ነው። ደረሰኙም የተቆረጠው በባለመሬቱ ስም ሲሆን ገንዘቡን ወስዶ የከፈለው አያቴ ነው። ውሉ የሚለው፣ አያቴ ከነልጁ ሊያርስ፣ ከምርቱ ሲሶውን ሊያስገባ፣ አሥራቱንም ራሱ ሊችል ነው። ከታች የአውራ ጣቱ አሻራ አለ። ማንበብ የማይችሉ ሰዎች ወረቀቱን እንደ ርስት ማስረጃ ጠብቀው አቆዩት። ዋሽተውኝ አይደለም፤ አልገባቸውም። እኔ ግን አፍሬ ሁለት ዓመት ሙሉ ለማንም ሳልናገር ቆየሁ።

የውሉ ዓመተ ምሕረት ተቀድዷል። «ዘመነ ሉቃስ» የሚለው ግን ይነበባል። ይህን እወቁ፦ በዓመቱ ላይ 5500 ደምራችሁ ለ4 ስታካፍሉ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። ስለዚህ ዘመኑ 1943 ወይም 1947 ወይም 1951 ነው። አያቴ የሞተው በ1948 ስለሆነ 1951 አይሆንም። አባቴ ሞፈር የጨበጠው በ1945 ስለሆነ 1943ም ወደቀ። የቀረው 1947 ነው።

ዋሱን ሳነብ ደግሞ የአያቴ ወንድም ሆኖ ተገኘ። በቤታችን ስሙ ተነሥቶ አያውቅም። ወደዚያው አገር ሄጄ ሽማግሌ ጠየቅሁ፤ ቤቱንም አሳዩኝ። ልጁ፣ ማለት የአባቴ የአጎት ልጅ፣ ከሰባት ወር በፊት ተቀብራለች። በሰማንያዎቹ ነበረች አሉኝ። ሻሸመኔ ከዚህ ስንት ነው? የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ አይሞላም። እኔ በዚህ እድር የስንቱን ዘመድ ስቀብር የራሴን ሳልቀብር፣ ሐዘን ሳልቀመጥ ቀረሁ። ያን ቀን ማፈር የነበረብኝ በጭሰኛነቱ ሳይሆን በዚህ መሆኑ ገባኝ። ልጆቿ ግን ቡና አፍልተው ተቀበሉኝ፤ አሁን እንጠያየቃለን።

አሥራት በ1960 ዓ.ም. ቀረ። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ጭሰኝነትም ቀረ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው የድሮ ውል «ከእንግዲህ ምን ያደርጋል?» እያለ ቀደደው፤ እሳት ማያያዣ አደረገው። ለመሬቱ ክርክር አይረባ ይሆናል፤ ለዘር ግን ይረባል።

በእድራችን የባለመሬትም የጭሰኛም ልጅ አለ። ቃሬዛውን አብረን ነው የምንሸከም። ስለዚህ ማንም አይፈር። በየሳጥናችሁ ያለውን ውል፣ ደረሰኝና የቀበሌ ቤት ወረቀት አውጡ፤ ለልጆቻችሁ አንብቡ። ደግሞም የእድራችን ጸሐፊ ለእያንዳንዱ አባል የአያቱን ስምና የመጣበትን አገር በመዝገቡ ቢጨምርልን መልካም ነው እላለሁ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ!

ያለፉትን ነፍስ ይማር፤ እኛንም በቸር ያቆየን።