ዝምታና ድምፅ በሴምቤን ኡስማን ፊልም

በፊልም ጥበብ የገጸ ባሕርያት ግንኙነት የሚገለጸው በቃለ ምልልስ ብቻ አይደለም። የትኛው ምስል የትኛውን እንደሚከተል፣ የማን ድምፅ እንደሚሰማና የማን እንደሚታፈን መወሰኑ ራሱ ትርጉም ይፈጥራል። የሶቭየት ሲኒማ ሊቃውንት አይዘንስታይን፣ ፑዶቭኪንና አሌክሳንድሮቭ በ1928 እ.ኤ.አ. ባወጡት መግለጫ፣ ድምፅ የምስል ተከታይ ከሚሆን ይልቅ ከምስሉ ጋር የሚፋለም ኃይል መሆን እንደሚገባው አሳስበው ነበር።

በአፍሪካ ይህ ጥያቄ ከነፃነት ጥያቄ ጋር የተሳሰረ ነበር። በ1934 የወጣው የፈረንሳይ ድንጋጌ በቅኝ ግዛቶቿ ፊልም መቅረጽን በገዥው ፈቃድ ሥር ስላደረገው፣ አፍሪካዊው በገዛ ምድሩ ተመልካች እንጂ ተናጋሪ አልነበረም። በማርሴይ የወደብ ሠራተኛ የነበረውና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሞስኮ የፊልም ትምህርት የቀሰመው ሴኔጋላዊው ደራሲ ሴምቤን ኡስማን ይህን ዝምታ የሥራው መነሻ አደረገው።

በ1966 ለሕዝብ በቀረበው «ላ ኑዋር ደ…» በተሰኘው ፊልሙ፣ ዲዋና የተባለች ወጣት ልጅ ለመጠበቅ ከዳካር ወደ አንቲብ ተሻግራ የቤት ገረድ ሆና ትቀራለች። በአሠሪዎቿ ፊት ቃሏ ከ«እሺ እመቤቴ» እምብዛም አያልፍም፤ የውስጥ ድምፅዋ ግን ይጠይቃል፣ ይሟገታል። እመቤቲቱ ስንፍና ብላ የምትቆጥረው ዝምታ ለተመልካቹ ክስ ሆኖ ይሰማል። ጠባቡ የአንቲብ ቤት ከዳካር ትዝታዎች ጋር እየተፈራረቀ ሲቀርብም፣ ልጅቷ ያጣችው ነገር ያለ ማብራሪያ ይታያል።

የግንኙነቱ ባሕርይ ይበልጥ የሚገለጠው በደብዳቤው ትዕይንት ነው። አሠሪው ከእናቷ የመጣውን ደብዳቤ አንብቦላት መልሱን በስሟ ራሱ ይጽፍ ይጀምራል። ጌታው ጉልበቷን ብቻ ሳይሆን ቃሏንም ወሰደ ማለት ነው። ዲዋና ደብዳቤውን ትቀዳድደዋለች።

ከሞተች በኋላ አሠሪው ንብረቷን ይዞ ወደ ዳካር ይመለሳል፤ እናቲቱ ገንዘቡን አትቀበልም። አንድ ሕፃን የዲዋናን ጭንብል በፊቱ ላይ አድርጎ ይከተለዋል። የሚሸሸው ሰውና የሚከተለው ጭንብል ሲፈራረቁ፣ ያልተከፈለው ዕዳ ያለ ንግግር ይነገራል።

ሆኖም አንድ ቅራኔ ቀርቶ ነበር፤ የዲዋና የውስጥ ድምፅ የሚናገረው በፈረንሳይኛ ነው። ድምፁም የተዋናይዋ የምቢሲን ቴሬዝ ዲዮፕ ሳይሆን የሄይቲዋ ድምፃዊት የቶቶ ቢሴንት ነበር። ሴምቤን በ1968 «ማንዳቢ»ን በወሎፍ ቋንቋ ሲያዘጋጅ ለዚህ ቅራኔ በተግባር መልስ ሰጠ። ለጭቁኑ በፊልም ላይ መታየት ብቻውን አይበቃውም፤ በገዛ አንደበቱ መሰማት አለበትና።