«ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ

ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅ፣ በውርጌሳ፣ በመርሳና በወልድያ በኩል ወደ ሰሜን የሚዘልቀው አውራ ጎዳና አሥመራን አልፎ ምጽዋ ይደርስ ነበር። እኛ በዚህ መንገድ ዳር ያደግን ሰዎች ባሕርን እጅግ ሩቅ አድርገን ብናስብም፣ በመንገዱ መጨረሻ ላይ የአገራችንን ስም የተሸከመች አንዲት መርከብ ቆማ ነበር። የአገልግሎቷን ዘመን ለአንባብያን በአጭሩ ልናስታውስ ወደድን።

መርከቢቱ በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት ተሠርታ በ1935 ዓ.ም. ወደ ውኃ ወረደች። በጥር 1936 ዓ.ም. «ኦርካ» ተብላ ሥራ ጀመረች። ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል፣ ፍጥነቷም በሰዓት 18 የባሕር ማይል ነበር። ዋና ተግባሯ በባሕር ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅ፣ ጥይትና ስንቅ ማቀበል፣ የተበላሸውን መጠገንና የደከሙትን አብራሪዎች ማሳረፍ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኒው ጊኒና በፊሊፒንስ ባሕር ይህን ሥራዋን ፈጸመች።

ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ከተዋሐደች ወዲህ፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በኖርዌይ መኮንኖች ረዳትነት የባሕር ኃይል አቋቋመ። መርከቢቱም በጥር 1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ በውሰት ተሰጠችንና «ኢትዮጵያ» ተባለች፤ በኋላም በግዢ የራሳችን ሆነች። ከባሕር ኃይላችን መርከቦች ሁሉ ትልቋ እርስዋ ነበረች። ቀድሞ አውሮፕላኖችን ስትረዳ የኖረችው መርከብ፣ በእኛ ዘንድ የዕጩ መኮንኖች ትምህርት ቤት ሆነች።

በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ከመንግሥት ጦር እጅ ወጣች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ መርከቢቱ ከሌሎች ጋር ወደ የመን ሸሸች። ለኢትዮጵያ 29 ዓመት ካገለገለች በኋላ በሰው አገር ወደብ ቆመች፤ ሁለት ዓመት ያህል ቆይታም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በባሕር ላይ ድል የነሣት ጠላት አልነበረም፤ የምትመለስበት ወደብ ግን በየብስ ላይ ጠፋባት።

አገራችን የባሕር ኃይሏን እንደገና ለማቋቋም በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ፈርማለች። መርከብ በገንዘብ ይገዛል፤ ማዕበልን የለመደ መርከበኛ ግን በብዙ ዓመት ትዕግሥት የሚገኝ ነው። የ«ኢትዮጵያ» ብረት ቀልጦ ቢቀርም፣ በእርስዋ ላይ የተማሩት ሰዎች ዕውቀት ሊቀር አይገባውም። እነዚያ መርከበኞች ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው። ስለዚህ መምህራንና ተማሪዎች ሆይ፣ በየመንደራችሁ እንዲህ ያለ አረጋዊ ቢኖር ቀርባችሁ ጠይቁት፤ የሚነግራችሁንም ጻፉ። የወደፊቱ መርከበኛ ከባዶ እንዳይጀምር የሚረዳው ይህ ነው።