የእጅ ሥራና የፋብሪካ ሥራ

ሰው ዕቃ ሲገዛ ሁለት ነገር አብሮ ይገዛል፤ አንደኛው ዕቃው ራሱ ነው፤ ሁለተኛው የዕቃው ስም ነው። ዕቃው በእጅ ይዳሰሳል፤ በጆሮም ይሰማል። ስሙ ግን በወሬ ብቻ ይታወቃል። ስለዚህ ብዙ ሰው ለስሙ ከፍሎ ዕቃውን ሳያውቀው ይቀራል። ይህን ነገር ለማስረዳት ከትንሽ ዕቃ ታሪክ እንጀምር፤ ይኸውም በኤሌክትሪክ ጊታር ሆድ ላይ ከአውታሮቹ ሥር የሚገኘው፣ ፒክአፕ የሚባለው የድምፅ ተቀባይ ነው።

ፒክአፕ ማግኔት ነው፤ በማግኔቱም ዙሪያ ከጠጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ ይጠመጠምበታል። ከብረት የተሠራው አውታር ሲርገበገብ የማግኔቱን ኀይል ያናውጠዋል፤ ከዚህም የተነሣ በሽቦው ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ኀይል ይወለዳል፤ ማጉያውም ያንን ተቀብሎ ድምፅ ያደርገዋል። ጥምጥሙ ሲበዛ ድምፁ ይበረታል፤ ይወፍራልም። ሲያንስ ደግሞ ይቀጥናል፤ ይጠራልም። እንግዲህ የዚህ ዕቃ ጠባይ ሁሉ በማግኔቱ ዐይነት፣ በሽቦው ውፍረትና በጥምጥሙ ብዛትና አኳኋን የተወሰነ ነው።

ዛሬ ይህን ዕቃ የሚገዛ ወጣት ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። አንዱ ፋብሪካ በብዛት የሚያወጣው ነው፤ ሌላው አንድ ባለሙያ በትንሽ ክፍል ተቀምጦ በትእዛዝ የሚጠመጥመው ነው። የሁለተኛው ዋጋ ከመጀመሪያው እጅግ ይበልጣል። ሻጩም «ይህ በእጅ የተሠራ ነው፤ እንደ ጥንቱ ነው» ይላል። ጥንቱ ግን ምን ነበር?

በ1931 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ቦሻምፕ የሚባል አሜሪካዊ የመጀመሪያውን የታወቀ ኤሌክትሪክ ጊታር ሠራ። በ1955 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጊብሰን ኩባንያ መሐንዲስ ሴት ላቨር ሁለት ጥምጥም ጎን ለጎን አድርጎ፣ አንዱ የሌላውን እዝታ የሚያጠፋበትን ፒክአፕ ፈልስፎ የባለቤትነት መብት ጠየቀ፤ መብቱም በ1959 እ.ኤ.አ. ተፈቀደለት። በዚያ ዘመን የተሠሩት ፒክአፖች ዛሬ እንደ ከበረ ድንጋይ ይፈለጋሉ። ነገር ግን የተሠሩት በፋብሪካ ነው! ሠራተኞቹ ጥምጥሙን በትክክል አይቆጥሩም ነበር፤ ማሰሪያው ሞላ ሲመስላቸው ያቆሙ ነበር። ማግኔቱም ከመጋዘን የተገኘው ሁሉ ነበር። ስለዚህ አንዱ ፒክአፕ ከሌላው ይለያል፤ አንዳንዱ እጅግ መልካም ድምፅ አለው፤ አንዳንዱ ግን ተራ ነው። የዛሬው የእጅ ባለሙያ በብዙ ድካም የሚፈልገው የዚያን ዘመን የፋብሪካ ቸልታ ያጋጣሚ የወለደውን ውበት ነው።

በካሊፎርኒያ ደግሞ የፌንደር ፋብሪካ ነበር። በዚያ ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምራ እስከ 2013 እ.ኤ.አ. አቢጌል ይባራ የምትባል ሴት ፒክአፕ ስትጠመጥም ኖረች። ሥራዋን ስትጀምር እንደ ማንኛዋም የፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። በኋላ ግን እርሷ የጠመጠመችውና የስሟን ፊደል የጻፈችበት ፒክአፕ ከሌላው ይልቅ ተፈላጊ ሆነ። አንባቢ ሆይ፤ እንግዲህ ይህች ሴት የፋብሪካ ሠራተኛ ናት ወይስ ባለእጅ? ሁለቱንም ናት። ፋብሪካ የሚባለው ብዙ እጅ በአንድ ቤት ተሰብስቦ ነው።

ድንበሩ የማይጸና መሆኑን የሚያሳይ ሌላም ነገር አለ። ላሪ ዲማርዚዮ በ1972 እ.ኤ.አ.፣ ሲሞር ዳንከን በ1976 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ሥራ ከጥቂት ሰው ጋር የሚሠራ የባለእጅ ሥራ ነበር። ሥራቸው ስለ ተወደደ እያደጉ ሄዱ፤ ዛሬ ስማቸው ከታላላቆቹ አምራቾች ጋር ይቆጠራል። የትናንቱ ባለእጅ የዛሬው ፋብሪካ ሆነ።

ይህ ነገር የባዕድ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ቴዎፊሎስ ዋልድማየርንና ጓደኞቹን በዚያ አስቀምጠው መድፍ እንዲሠሩ አዘዙ። የሰዎቹ ሙያ መድፍ መሥራት አልነበረም፤ ቢሆንም እየሞከሩ፣ እየከሸፈባቸውም ደግመው እየሞከሩ፣ በመጨረሻ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ በ1859 ዓ.ም. ገደማ አፈሰሱ። ንጉሡ ያንን ከባድ ብረት ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ድረስ ገደልና ተራራ እያስጠረጉ እስከ መቅደላ አስጎተቱት። በሚያዝያ 3 ቀን አሮጌ ላይ የተገናኛቸው የእንግሊዝ ጦር ግን ስናይደር የተባለውን ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ይዞ ነበር። ይህ ጠመንጃ አንዱ ከሌላው ሳይለይ በብዛት የተሠራ ነው፤ የአንዱ ጥይት ለሌላው ይሆናል። አንድ ድንቅ ሥራ በብዙ እኩል ሥራ ፊት ምን ያህል ብቸኛ እንደ ሆነ በዚያ ቀን ታየ። ከጦርነቱም በኋላ ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቀው ወጡ፤ የጋፋትም ምድጃ ቀዘቀዘ። መድፉ ዛሬም በመቅደላ አምባ ተጋድሞ ይታያል። ያዘነው የመድፉ ባለመተኮሱ አይደለም፤ ሙያው ወራሽ በማጣቱ ነው።

ሙያ ወራሽ የሚያጣው ስለ ምን ነው? ባለእጅን የሚንቅ አገር ልጁን ለባለእጅ አይሰጥምና። በአገራችን ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ፣ ቆዳ ሠሪውን ፋቂ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያሉ መሳደብ ልማድ ነበረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን ስድብ በዐዋጅ እስከ መከልከል ደረሱ። እንግዲህ አንድ ወጣት በአንበሳሜ ወይም በደብረ ታቦር ተቀምጦ ማሲንቆ የሚፈለፍለውን፣ የፍየል ቆዳ የሚወጥረውን፣ የፈረስ ጭራ የሚመርጠውን ሰው እየናቀ፣ ከባሕር ማዶ «በእጅ የተሠራ» የሚል ወረቀት ለተለጠፈበት ዕቃ እጥፍ ዋጋ ቢከፍል፣ ያከበረው እጅን ነው ወይስ ወረቀቱን? «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» የተባለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ምርጫው እንዴት ይሁን? በመጀመሪያ የመሣሪያውን ጠባይ ዕወቅ። ማግኔት የሚሰማው ብረትን ብቻ ነው፤ የናይሎን ወይም የጅማት አውታር ባለው ክራር ላይ፣ የፈረስ ጭራ ባለው ማሲንቆም ላይ የዓለምን ውድ የማግኔት ፒክአፕ ብትገጥም ዝም ይላል። ለእነዚህ የሚስማማው እንጨቱ ወይም ቆዳው ሲርገበገብ የሚሰማው፣ በላዩ የሚለጠፈው ዐይነት ነው፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ሁለተኛ፣ አውታሩን፣ ማጉያውንና የገዛ ጣትህን ሳታስተካክል ፒክአፑን አትክሰስ። ሦስተኛ፣ ሠሪው ፋብሪካም ቢሆን ባለእጅም ቢሆን ይህን ጠይቀው፤ ጥምጥሙን ትቆጥራለህን? የለካኸውን ትጽፋለህን? ቢበላሽ ትጠግናለህን? ዛሬ የሠራኸውን ነገ ልትደግመው ትችላለህን? በቁጥር የሚመልስልህ ሰው ሙያውን የሚያከብር ነው፤ በስም ብቻ የሚመልስልህ ግን ስሙን ይሸጥልሃል። ድምፁን ሳትሰማ በዝና ብቻ መግዛት «ላም አለኝ በሰማይ» ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ እኩል መስለው ከታዩህ የፋብሪካውን ግዛ፤ በተረፈህም ገንዘብ አውታርና ትምህርት ግዛበት። የተለየ ድምፅ በልብህ ካለና ፋብሪካው ያንን ካላወጣልህ ግን ወደ ባለእጁ ሂድ፤ የምትፈልገውንም ንገረው፤ የድካሙንም ዋጋ ሳትከራከር ክፈለው። የሮሃ ባንዱን ሰላም ስዩምን፣ የዋሊያስ ባንዱን ማህሙድ አማንን የሚያነሣ ሰው ትዝታንና ባቲን በጊታር እንዴት እንደ ተጫወቱ ያወራል እንጂ የፒክአፓቸውን ስም አይጠይቅም።

ልጆች ሆይ፤ መሣሪያ መምረጥን ተማሩ፤ ከዚያም አልፋችሁ መሥራትን ተማሩ። ሽቦውም፣ ማግኔቱም፣ ቁጥሩም ከባድ ምሥጢር አይደለም። ከእናንተ መካከል አንዱ ቁጭ ብሎ ቢጠመጥም፣ የጠመጠመውንም ቢቆጥር፣ የቆጠረውንም ለታናሹ ጽፎ ቢያስተምር፣ የቀዘቀዘው የጋፋት ምድጃ በሌላ መንገድ እንደገና ይሞቃል።