በሐሰት ዕውቀት ስለ ተባለው ትምህርት
(1ኛ ጢሞቴዎስ ምዕ. 6 ቍ. 20)

ሐዋርያው ጢሞቴዎስን በሐሰት ዕውቀት ከተባለው ነገር እንዲርቅ አዘዘው። ዕውቀት በጽርእ ግኖሲስ ይባላል፤ ስለዚህ የሊዮን ኤጲስ ቆጶስ ሄሬኔዎስ በ180 ገደማ (ዘመኑ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በግኖስቲኮች ላይ አምስት መጻሕፍት ሲጽፍ ስሙን ከዚሁ ቃል ወሰደ። እርሱ በልጅነቱ የሰምርኔሱን ፖሊካርፖስን ሰምቶ ያደገ ነው።

ከግኖስቲኮች መምህራን እጅግ የተራቀቀው ዋለንጢኖስ በ140 ገደማ በሮሜ ያስተምር ነበር። ተከታዮቹ እንዲህ ይላሉ፤ በላይ ባለው ምልአት ሠላሳ ኤዎኖች አሉ፤ የመጨረሻይቱ፥ ሶፍያ የተባለችው ጥበብ፥ ከወሰንዋ አልፋ አባትን ልትመረምር ብትሻ ወደቀች፤ ከውድቀትዋም የዚህ ዓለም ሠሪ ተገኘ፤ እርሱም ከበላዩ ያለውን አያውቅም። ክርስቶስም ውኃ በአሸንዳ እንደሚያልፍ በማርያም አለፈ እንጂ ከርስዋ ሥጋ አልነሣም። ሰውንም በሦስት ይከፍላሉ፤ መንፈሳውያን በባሕርያቸው ይድናሉ፤ ነፍሳውያን በእምነትና በምግባር ዝቅ ያለ ዕረፍት ያገኛሉ፤ ሥጋውያን ይጠፋሉ። ምእመናንን የቈጠሩአቸው በሁለተኛው ነው። የነገሩ ክፋት እዚህ ላይ ይብሳል፤ ድኻው ዕለት ዕለት የሚሰማው ወንጌል የሕፃናት ወተት፥ ምሥጢሩም የጥቂቶች ርስት ሆነ።

ይህ ሁሉ ለብዙ ዘመን የተሰማው ይልቁን ከከሳሾቻቸው አፍ ነበር። በ1945 ግን በላይኛው ግብጽ በናግ ሐማዲ አጠገብ፥ አባ ጳኵሚስ ገዳማቱን ከተከለበት አገር፥ ገበሬዎች ማዳበሪያ አፈር ሲቈፍሩ በቅብጥ ቋንቋ የተጻፉ 12 ጥራዞችና የ13ኛውን ቅጠሎች በእንስራ ውስጥ አገኙ። ከነዚህ አንዱ፥ በዮሐንስ ስም የተጻፈው ምሥጢራዊ መጽሐፍ፥ ሄሬኔዎስ ከጻፈው ጋር የሚገጥም ክፍል አለው፤ ከልቡ እንዳልፈጠረውም ታወቀ። ሆኖም ከነርሱ አንዳንዶቹን በዝሙት ሲከስ፥ ከተገኙት መጻሕፍት የሚበዙት ግን ሥጋን መግታት ያስተምራሉ። እንግዲያስ ግኖስቲኩንና መነኵሴውን በትጋታቸው ብቻ መለየት አይቻልም። መነኵሴው ሥጋውን የሚያደክመው ከርሱ ጋር ሊነሣ ነው፤ ያኛው ግን እንደ ወህኒ ቤት ጥሎት ሊወጣ ነው።

ሄሬኔዎስ ይህን አይቶ ክርክሩን ወደ መሠዊያው አመጣው፤ ኅብስቱና ወይኑ ከዚህ ፍጥረት ናቸውና፥ ፍጥረቱ የሌላ ከሆነ ጌታ የባዕድን ገንዘብ እንዴት ሥጋዬ ደሜ ይለዋል? ያንንስ የተቀበለ ሥጋ እንዴት ሕይወትን አይቀበልም? ብሎ ጠየቃቸው።