አሮጌ ቮልስ ከፋብሪካ እንደወጣች መሆኗን እንዴት ማረጋገጥ ይቻላል?

ጌዶ፦ በሬ ሲገዛ ጥርሱ ይታያል፤ ጫንቃው ይዳሰሳል። የዓመት ምርት ተሸጦ የምትገዛ አሮጌ መኪና ግን ብዙ ጊዜ በቀለሟና በሞተሯ ድምፅ ብቻ ትመዘናለች። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም ወዲህ፣ በአገር ውስጥ ያሉትን አሮጌ መኪኖች በጥንቃቄ መመርመር ይበልጥ ያስፈልጋል። ከእነዚህም መካከል በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች የምትታወቀው ቮልስዋገን፣ በተለምዶ ቮልስ፣ አንዷ ናት።

የቮልስ አካል ከሻንሲዋ ጋር የተያያዘው በብሎን ነው። ስለዚህ የአንዷ አካል በሌላዋ ሻንሲ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። መኪናዋ ከፋብሪካ እንደወጣች መሆኗን ለማወቅ ሻንሲው፣ ሞተሩና አካሉ ለየብቻ ተመርምረው እድሜያቸው መነጻጸር አለበት።

የመጀመሪያው የሻንሲ ቁጥር ነው። የኋላ መቀመጫ ሲነሳ በመሐል በሚያልፈው የብረት ቦይ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ከ1965 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ጀምሮ በጀርመን በተሠሩት ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዓይነቷን፣ ሦስተኛው የሞዴሏን ዓመት የመጨረሻ አኃዝ ያመለክታሉ። ለምሳሌ 1132 ብሎ የሚጀምር ቁጥር በ1973 ሞዴል ቮልስ ላይ ይገኛል፤ 11 ዓይነቷን፣ 3 ዓመቱን፣ 2 ደግሞ የ1970ዎቹ መሆኗን ይነግራል። የሞዴል ዓመት የሚጀምረው ከቀደመው ዓመት ነሐሴ ወር (እ.ኤ.አ.) ነው። አኃዞቹ የተዛነፉ፣ ዙሪያው የተሞረደ ወይም በዚያች ቦታ ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባ ከሆነ ቁጥሩ ተነካክቶ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው የሞተር ቁጥር ነው። ዳይናሞው ከተቀመጠበት እግር ሥር ይነበባል። በፊደል ይጀምራል፤ በ1960ዎቹ አጋማሽና በኋላ በተሠሩት ላይ «ዲ» 1200፣ «ኤፍ» 1300፣ «ኤች» 1500 ሲሲ ሞተርን ያመለክታሉ። «ኤዲ» የሚል ፊደል ያለው 1600 ሲሲ ሞተር የወጣው በ1970 ነው። ስለዚህ በ1966 ሞዴል ላይ ከተገኘ ሞተሩ ተቀይሯል ማለት ነው።

ሦስተኛው አካሉ ነው። የኋላ መስኮቱ እስከ 1953 ለሁለት የተከፈለ፣ ከዚያ እስከ 1957 ሞላላ፣ ከዚያ በኋላ አራት ማዕዘን ነው። ፓራብሬዛው ጎበጥ ያለው 1303 የተባለው ሞዴል የመጣው ከነሐሴ 1972 ወዲህ ነው። ጎባጣ ፓራብሬዛ ያለው አካል የ1960ዎቹ ቁጥር ባለው ሻንሲ ላይ ከተገኘ ሁለት መኪኖች ተጋጥመዋል ማለት ነው። በትንሽ ማግኔት ጠርዞቹን መፈተሽም ጠቃሚ ነው፤ ማግኔቱ በማይይዝበት ቦታ ዝገት በስቱኮ ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል።

የተቀየረ ሞተር በራሱ ጥፋት አይደለም፤ መኪናዋን ማገልገልም አይከለክላትም። ጥፋቱ ለውጡን ደብቆ መኪናዋን እንደ ፋብሪካ ሥራ መሸጥ ነው። የሁለቱም ቁጥሮች መዝገብ በሊብሬው ላይ ስለሚገኝ፣ ገዢው ውል ከመፈረሙና ቀብድ ከመክፈሉ በፊት መኪናዋ ላይ ያሉትን ከሊብሬው ጋር አኃዝ በአኃዝ ማነጻጸር አለበት። የማይገጥም ቁጥር የስም ዝውውርንና ዓመታዊ ምርመራን ሊያስተጓጉል ይችላል። ዕዳ ወይም እገዳ እንዳለባትም ከመዝጋቢው ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል።

ከዚያ በላይ ማስረጃ የሚሻ ሰው፣ በቮልፍስቡርግ የሚገኘው የቮልስዋገን መኪና ሙዚየም ድርጅት በሻንሲ ቁጥር መነሻነት የመኪናዋን «የልደት ምስክር ወረቀት» ያዘጋጃል። ወረቀቱ የተሠራችበትን ቀንና የመጀመሪያ ቀለሟን ይገልጻል።

ይህ ሁሉ ፍተሻ ከአንድ ረፋድ አይበልጥም። ሻጩ መቀመጫውን ማንሳት ካልፈቀደ ግን ገዢው ገንዘቡን ይዞ ቢመለስ ይሻለዋል።