ኮምፒዩተር ሲነሣ በራሱ ስለሚጀምር የዲስክ ምርመራና ምርመራውን ስለ ማስቀረት

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፒዩተሩን የሚከፍት ተማሪ፥ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ዲስኩ በመመርመር ላይ መሆኑን የሚገልጽ ጽሕፈት ያያል፤ ቁጥሩም ከመቶ አንድ፥ ከመቶ ሁለት እያለ ቀስ በቀስ ይወጣል። ጽሑፍ የማስረከቢያው ቀን ለደረሰበት ሰው ይህን ተቀምጦ መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ አንባቢዎቻችን ያውቁታል። ስለዚህም ብዙዎች ምርመራው ዳግመኛ እንዳይነሣ የሚያደርጉበትን መንገድ ይፈልጋሉ። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ ምርመራው ከወዴት እንደ መጣ፥ ሰዎችም እንዴት ሲያስቀሩት እንደ ኖሩ ለመመልከት አስበናል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ነገሩ ምክንያት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ዲስክ የሚይዘው ፋይሎችን ብቻ አይደለም፤ የትኛው ፋይል በየትኛው ስፍራ እንደ ተቀመጠ የሚያመለክት መዝገብም አለው። አንድ ፋይል ሲጻፍ ይህ መዝገብ በልዩ ልዩ ስፍራ መለወጥ አለበት፤ ለውጡም ሁሉ ባንድ ቅጽበት አይፈጸምም። በመካከሉ ኃይል ቢቋረጥ መዝገቡ ከፊሉ አዲስ፥ ከፊሉ አሮጌ ሆኖ ይቀራል። የግምጃ ቤት ጠባቂ ዕቃውን አስገብቶ መዝገቡን ሳይሞላ ቢጠራና ቢሄድ የሚሆነው ይኸው ነው። በማግሥቱ አንዱ መደርደሪያ ለሁለት ሰው ተሰጥቶ ይገኛል፤ ባዶውም እንደ ተያዘ ይቈጠራል።

በ1969 ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላቦራቶሪ በጀመሩት በዩኒክስ ይህን ጉድለት የሚፈልጉት «አይቼክ»ና «ዲቼክ» የተባሉ የተለያዩ መሣሪያዎች ነበሩ፤ የማረሙ ሥራ ግን የዐዋቂ እጅ የሚጠይቅ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ ቴድ ኮዋልስኪ ምርመራውንና እርማቱን ባንድነት የሚፈጽመውን «ኤፍኤስሲኬ» የተባለውን ፕሮግራም ጻፈ። በበርክሊ በተዘጋጀው ዩኒክስም ማሽኑ ሲነሣ ቀላሉን ጉድለት ሰው ሳይጠይቅ እያረመ እንዲያልፍ ተደረገ።

በግል ኮምፒዩተር ግን ነገሩ ዘገየ። «ቸክዲስክ» የተባለው መሣሪያ በ1981 ከአይቢኤም ኮምፒዩተር ጋር በወጣው ዶስ ውስጥ ነበረ፤ ነገር ግን ባለቤቱ ካልጠራው አይነሣም። በ1993 የወጣው ኤምኤስ ዶስ 6.0 ዲስክን የሚያጨምቅ ፕሮግራም ስለ ነበረው፥ ፋይል ጠፋብን የሚል አቤቱታ በዛ፤ በዚያው ዓመት በ6.2 «ስካንዲስክ» ተጨመረ። በ1996 የወጣው የዊንዶውስ 95 ሁለተኛ እትም ደግሞ፥ ኮምፒዩተሩ በደንቡ ሳይዘጋ ከቀረ፥ ሲነሣ ስካንዲስክን በራሱ ይጠራ ጀመር። ሆኖም ሠሪዎቹ ማስቀሪያውንም አብረው ሰጡ። «ኤምኤስዶስ.ሲስ» በሚባለው ፋይል ውስጥ «አውቶስካን» በሚለው መስመር 0 የጻፈ ምርመራውን ያስቀራል፤ 1 የተወ አስቀድሞ ይጠየቃል፤ 2 የጻፈ ሳይጠየቅ ይመረመርለታል። እንግዲህ ማስቀረትን የመሻት ነገር የተጠቃሚው ስንፍና ብቻ ነው የሚሉ መምህራን ይህን ቢያስቡት መልካም ነው።

በዊንዶውስ ኤንቲና ከእርሱ በተወለዱት አሠራሩ ሌላ ነው፤ ዛሬም ያለው ይኸው ነው። ዲስኩ ጥርጣሬ ሲያድርበት በራሱ ላይ «ቈሽሿል» የሚል ምልክት ያኖራል፤ «አውቶቸክ» የተባለው ፕሮግራም ማሽኑ ሲነሣ ይህን ምልክት አይቶ ምርመራውን ይጀምራል። ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ሰኮንዶች ይቈጥራል፤ በዚያ ጊዜ ቁልፍ የነካ ለዚያ ጊዜ ብቻ ይቀርለታል። ፈጽሞ ሊያስቀር የሚፈልግ ግን «ቸክ ኤንቲኤፍኤስ» የሚለውን ትእዛዝ የዲስኩን ፊደልና የ«ኤክስ»ን ምልክት አስከትሎ ይጽፋል። በዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ ትእዛዙ ምርመራውን ያስቀራል እንጂ ምልክቱን አይፍቅም።

ሊኑክስ ከዚህ አልፎ፥ ዲስኩ ጤነኛ ቢሆንም እንኳ የተወሰነ ጊዜ ያህል ከተከፈተ ወይም የተወሰነ ቀን ካለፈ ይመረምር ነበር። «ቲዩን2ኤፍኤስ» በሚባለው መሣሪያ ቁጥሩን 0 ማድረግ ያስቀረዋል። በ2001 ኤክስት3 ለውጡን አስቀድሞ በማስታወሻ የሚጽፍ ሥርዓት ይዞ ወደ ሊኑክስ ስለ ገባ፥ መብራት በጠፋ ቍጥር ዲስኩን በሙሉ መመርመር አላስፈለገም። ዊንዶውስ 8 በ2012 አብዛኛውን ምርመራ ሰው እየሠራ ሳለ እንዲካሄድ አደረገ።

ታዲያ ማስቀረቱ ይገባልን? በዚህ ላይ የደረሰብንን እንናገር። ባለፈው ዓመት ሦስት ሆነን የሽማግሌዎችን ቃል እየቀዳን ስንጽፍ፥ በውሰት ያገኘነው ኮምፒዩተር በየማለዳው ዲስኩን ይመረምር ነበር። እኛም ተሰላችተን በተባለው ትእዛዝ አስቀረነው። ከሁለት ወር በኋላ የዘጠኝ ሽማግሌዎች ቃል የተጻፈበት ማኅደር አልከፈት አለ። በደንቡ ዘግተነው ሳለ ምልክቱ በየቀኑ መመለሱ ዲስኩ ራሱ እየሞተ መሆኑን ሊያስጠነቅቀን ነበር፤ ምርመራው ዲስኩን ባያድነውም ሌላ ቅጂ ለማውጣት ጊዜ በሰጠን ነበር። ስለዚህ ምርመራው አንድ ጊዜ መብራት ጠፍቶ የመጣ ከሆነ ማሳለፉ ብዙ አይጐዳም እንላለን፤ በየቀኑ የሚመለስ ከሆነ ግን አስቀድሞ ፋይሎችን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ፥ ከዚያም ምርመራውን እስከ መጨረሻው መተው ይገባል።

ዘግይተን ባስመረመርነው ጊዜ «ፋውንድ» በሚል ማኅደር ውስጥ ስም የሌላቸው ቍርጥራጮች ተገኙ፤ ከእነርሱም የስድስቱን ቃል ለመለየት ቻልን። የቀሩትን ሦስቱን ለመጠየቅ ተመልሰን ሄደን ሁለቱን አገኘናቸው። ሦስተኛው ግን ከፋሲካ በፊት አርፈው ነበር።