ፊደላችን ያልገባበት ካርድ፦ የላፕቶፕ ግራፊክስ ቁጥሮች ከየት መጡ?

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ አጎቴ ደወለልኝና ጀሞ አንድ ኮንዶሚኒየም ያለው ቤታቸው ሄድኩ። ልጁ አርክቴክቸር ልትማር ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። እናቷ ዕቁብ ሲወጣላት ገንዘቡን ለላፕቶፕ አዋሉት። መሃል ከተማ አንድ ሱቅ ገብተው «ለንድፍ ሥራ የሚሆን» ብለው ጠየቁ፤ ሻጩም «ይሄ 4 ጊጋ ግራፊክስ አለው» ብሎ ስክሪኑ ላይ አሳያቸውና ገዙት። ልጅቷ ግን የንድፍ ሶፍትዌሩን ከፍታ ሕንፃውን ለማዞር ስትሞክር ላፕቶፑ ይንቀራፈፋል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይቆማል። «ተታለልን እንዴ?» አለኝ አጎቴ፣ ገና ቡናው ሳይቀርብ።

የዕቁብ ገንዘብ ስንት ጊዜ ተጠብቆ የሚመጣ ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ ቶሎ ብዬ «አዎ» ወይም «አይ» ማለት ከበደኝ። ላፕቶፑን ስከፍተው 4 ጊጋባይት የሚል ቁጥር በእርግጥም ተጽፏል። ቁጥሩ ውሸት አልነበረም። የመለሰው ግን እነሱ ያልጠየቁትን ጥያቄ ነው።

እናንተም ላፕቶፕ ልትገዙ ስትወጡ ስም፣ ጊጋባይት፣ ቢት፣ ዋት እየተባለ ይደረደርላችኋል። በዚህ ጽሑፍ ላሳያችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ሰው ለአንድ ፍላጎት ብሎ የቆረጠው ልክ ነው። ፍላጎቱን ካወቃችሁ ቁጥሩን በስልካችሁ ካልኩሌተር ራሳችሁ ታወጡታላችሁ። ይህን ከማንም በተሻለ የሚያስተምረን ደግሞ የራሳችን ፊደል ነው።

4 ኪሎባይት ለ2,000 ፊደል

ወደ 1981 እንመለስ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አይቢኤም የመጀመሪያውን ፒሲ ሲያወጣ ለስክሪኑ ሁለት ዓይነት ካርድ አቀረበ። አንደኛው ኤምዲኤ ይባላል፤ ጽሑፍ ብቻ ነው የሚያሳየው። ሜሞሪው 4 ኪሎባይት ነበር። ለምን 4? እናስላው። ስክሪኑ 25 መስመር አለው፤ በእያንዳንዱ መስመር 80 ፊደል ይገባል፤ በድምሩ 2,000። ለእያንዳንዱ ፊደል 2 ባይት ያስፈልጋል፤ አንዱ «የትኛው ፊደል ነው?» ለሚለው፣ ሌላው «ደማቅ ነው ወይስ የተሰመረበት?» ለሚለው። 2,000 በ2 ሲባዛ 4,000 ባይት። በቃ፣ 4 ኪሎባይት ማለት ይህ ነው።

አሁን የመጀመሪያውን ባይት ልብ በሉ። አንድ ባይት መለየት የሚችለው 256 ነገር ብቻ ነው። የፊደሎቹ ቅርጽ ደግሞ ካርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ ከፋብሪካ ተቀርጾ ስለሚመጣ ተጠቃሚው ሊለውጠው አይችልም። ለእንግሊዝኛ 256 ይተርፋል፤ ትልልቁንና ትንንሹን ፊደል ብትደምሩ 52 ነው። የኛስ? 33 ፊደላት በ7 ድምፅ ሲባዙ 231። ገና ሏን፣ ቋን፣ ጓን፣ የግዕዝ ቁጥሮችንና አራት ነጥብን አልቆጠርንም። ከ256ቱ ውስጥ ግማሹ፣ ማለትም 128ቱ፣ ለላቲን ፊደል፣ ለቁጥርና ለኮምፒውተሩ ትእዛዞች ተይዟል። በቀረው 128 ቦታ 231 ፊደል አይገባም።

ይህን ማንም በክፋት አላደረገውም። መሐንዲሶቹ ፊታቸው ያለውን ደንበኛ አይተው ለካ፣ ለካ አድርገው ቆረጡ። እኛ ግን በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ደረሰን።

የታይላንዱ ተማሪ መላ

ሁለተኛው ካርድ ሲጂኤ ነበር። ይህኛው ነጥብ በነጥብ መሣል ይችላል፤ ወደ ጎን 640፣ ወደ ታች 200 ነጥብ። ጥቁርና ነጭ ብቻ ከሆነ ለአንድ ነጥብ 1 ቢት ይበቃል። 128,000 ነጥብ ለ8 ሲካፈል 16,000 ባይት፤ ካርዱም 16 ኪሎባይት ነበረው። ችግሩ ሌላ ነው። 200 ነጥብ ለ25 መስመር ሲካፈል ለአንድ ፊደል ቁመት 8 ነጥብ ብቻ ይደርሰዋል። በ8 ነጥብ ቁመት ጿን ወይም ጬን ለመሣል ሞክሩ፤ ካሬ ደብተር ላይ ይበቃል። ፊደሉ ጭቃ የነካው ይመስላል።

ይህ ችግር የኛ ብቻ አልነበረም። ቫን ሱዋኑኩል የሚባል የታይላንድ ተወላጅ የዶክትሬት ጽሑፉን በፒሲ ላይ በታይ ፊደል መሥራት ፈለገ። የኤምዲኤ ፊደል አይቀየርም፤ የሲጂኤ ነጥብ ጥቂት ነው። ስለዚህ በ1982 የራሱን ካርድ ሠራ፤ ሄርኩለስ ይባላል። 720 በ348 ነጥብ፣ 64 ኪሎባይት ሜሞሪ። አስሉት፤ አንድ ሙሉ ስክሪን 31,320 ባይት ይፈጃል፣ 64 ኪሎባይት ሁለት ስክሪን ይይዛል። ከዚያ የሒሳብና የንግድ ሰዎች ሳይቀሩ ለሰንጠረዥና ለግራፍ ብለው ገዙት። አንድ ተማሪ ፊደሌ አይገባም ብሎ የለወጠው ቁጥር ለብዙ ሰው ተረፈ።

በዚያው አሥርተ ዓመት አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም በዚሁ ጥያቄ ላይ ተጠምደው ነበር። ከእነሱ መካከል ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ የግዕዝን ፊደል በፒሲ ለመጻፍ የሚያስችሉ ሶፍትዌሮች በመሥራት ይታወቃሉ። ሃርድዌሩም እየላላ መጣ። በ1984 የወጣው ኢጂኤና በ1987 የወጣው ቪጂኤ የፊደል ቅርጽን ከሶፍትዌር መቀበል ቻሉ። ከዚህም በላይ፣ ከቀለም ቢቶች አንዱን ከሰጣችኋቸው 256 ፊደል የነበረው 512 ይሆናል። ልብ በሉ፣ ነፃ ነገር የለም፤ የቀለሙን ዓይነት ቀንሰህ ፊደል ታበዛለህ። ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ይህ ትርጉም የለውም፤ ለአማርኛ ጸሐፊ ግን ያቺ አንድ ቢት ሁሉ ነገር ናት።

መፍትሔው ሥር የያዘው በ1999 ነው። የግዕዝ ፊደል በ345 ምልክቶች ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ «የትኛው ፊደል ነው?» የሚለው ጥያቄ ከካርዱ ወጣ፤ ካርዱ የቀረው ሥራ ነጥብ መሣል ብቻ ሆነ።

ደቦው መጣ

በዚያው በ1999 ኤንቪዲያ ጂፎርስ 256 የተባለውን ካርድ አውጥቶ «የዓለም የመጀመሪያው ጂፒዩ» ብሎ ሸጠው። የጂፒዩ ሐሳብ ከገጠር የመጣን ሰው አያስቸግርም። ሲፒዩ አንድ ጎበዝ ገበሬ ነው፤ ማንኛውንም ሥራ በተራ በተራ ይሠራል። ጂፒዩ ደቦ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ቀላል ሥራ ይሠራል፣ ሁሉም ግን አንድ ላይ። ዛሬ የተለመደው ስክሪን 1920 በ1080 ነው፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ማለት ነው፤ ይህም በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል። ይህ የደቦ ሥራ ነው።

ደቦ ደግሞ የሰው ብዛት ብቻ አይበቃውም። እህሉ የሚወቃበት አውድማ ይፈልጋል። ነዶው ከማሳ ወደ አውድማ የሚመጣበት መንገድ ይፈልጋል። ምግብና ጠላም ይፈልጋል። የሰዉ ብዛት የኮር ቁጥር ነው፣ አውድማው ቪራም ነው፣ መንገዱ ባንድዊድዝ ነው፣ ምግቡ ዋት ነው።

አውድማው ሲጠብ ምን እንደሚሆን በ2012 ታይቷል። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሌክስኔት የተባለውን ሥዕል የሚለይ ሞዴል ሲያሠለጥኑ የተጠቀሙት ጂቲኤክስ 580 ካርድ 3 ጊጋባይት ብቻ ነበረው። ሞዴሉ አልገባ አላቸው። ስለዚህ ለሁለት ከፍለው በሁለት ካርድ ላይ አሠሩት፤ አምስት ስድስት ቀን ፈጀ። ዛሬ ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የምትሰሙት ብዙ ነገር ከዚያ ሥራ ወዲህ የመጣ ነው።

የዛሬውን ወረቀት ስታነቡ

እሺ፣ አሁን ሱቅ ውስጥ ናችሁ እንበል። መጀመሪያ ስሙን አትመኑ። ለዴስክቶፕ የተሠራው አርቲኤክስ 4090 16,384 ኮርና 24 ጊጋባይት አለው፤ እስከ 450 ዋት ይበላል። «አርቲኤክስ 4090 ላፕቶፕ» የሚባለው ግን 9,728 ኮርና 16 ጊጋባይት ነው ያለው፤ የሚሰጠውም ከ80 እስከ 150 ዋት ነው። ስማቸው አንድ ነው፣ ውስጣቸው ያለው ቺፕ ግን ሌላ ነው። የኮር ቁጥርም ቢሆን የሚነጻጸረው በአንድ ኩባንያና በአንድ ትውልድ ውስጥ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ዋቱን ጠይቁ። አርቲኤክስ 4060 ላፕቶፕ እንደ አምራቹ ምርጫ ከ35 እስከ 115 ዋት ሊሰጠው ይችላል። ቀጭን ላፕቶፕ ሙቀቱን ስለማይችል ዝቅ ያደርገዋል። አንድ ዓይነት ደቦ ነው፣ አንዱ ግን ቁርስ ብቻ በልቷል። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ ሰው ደግሞ ይህን አይርሳ፤ ቻርጀሩ ሲነቀል ጂፒዩው ከተጻፈው ዋት በታች ይወርዳል።

ሦስተኛ፣ የሜሞሪውን መንገድ አስሉ። አርቲኤክስ 4060 ላፕቶፕ 128 ቢት ስፋት ያለው ጂዲዲአር6 ሜሞሪ አለው፤ በእያንዳንዱ ቢት በሰከንድ 16 ጊጋቢት ያልፋል። 128 በ16 ሲባዛ፣ ለ8 ሲካፈል፣ በሰከንድ 256 ጊጋባይት። የጊጋባይቱ መጠን ብቻ ከተነገራችሁ ግማሹን ነው የሰማችሁት።

አራተኛ፣ እንዲገባ የምትፈልጉትን ነገር ለኩ። 7 ቢሊዮን መለኪያ ያለው የቋንቋ ሞዴል እያንዳንዱ መለኪያ 2 ባይት ከያዘ 14 ጊጋባይት ይሆናል፤ 8 ጊጋባይት ያለው ካርድ ላይ አይገባም። ወደ 4 ቢት ከተጨመቀ 3.5 ጊጋባይት ነው፤ ይገባል።

ወደ አጎቴ ቤት

የአጎቴ ልጅ ላፕቶፕ ለብቻው የቆመ ጂፒዩ አልነበረውም። ግራፊክሱ ሲፒዩው ውስጥ ያለ ነው፤ የራሱ አውድማ ስለሌለው የኮምፒውተሩን ራም ይዋሳል። ዊንዶውስ ደግሞ ከራሙ እስከ ግማሹ ድረስ ለግራፊክስ እንዲዋስ ይፈቅዳል። ራሙ 8 ጊጋባይት ነው፤ ግማሹ 4። የሻጩ ቁጥር ከዚህ ነበር የመጣው።

ይህን ማንም ማየት ይችላል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭናችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፤ ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ጂፒዩን ምረጡ። «ዴዲኬትድ» የሚለው የብቻ ሜሞሪ ነው፤ «ሼርድ» የሚለው የጋራው ነው። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ይህን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

የላፕቶፕ ጂፒዩ አብዛኛውን ጊዜ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ መቀየር ያስቸግራል። ግን የኋላ ክዳኑን ስንከፍት አንድ 8 ጊጋባይት ራም ብቻ ተሰክቷል፤ አጠገቡ ያለው ቦታ ባዶ ነው። አሰላንላቸው። አንድ ዲዲአር4 ራም በ64 ቢት ስፋትና በ3,200 ፍጥነቱ በሰከንድ 25.6 ጊጋባይት ያሳልፋል፤ ከላይ ካየነው 256 አንድ አሥረኛው ነው። ሁለተኛ ራም ሲሰካ መንገዱ 128 ቢት ይሆናል፤ 51.2። ከአዲስ ላፕቶፕ በጣም ባነሰ ዋጋ አንድ ራም ገዝተን ሰካን። ንድፉ አሁን ይዞራል። ከባዱን ምስል የማውጣት ሥራ ትምህርት ክፍሏ ላብራቶሪ ትሠራዋለች። አጎቴ ደስ አለው፤ «ታዲያ ይህን ቀድመን ብንጠይቅ ኖሮስ?» ሲለኝ ግን የምመልሰው አልነበረኝም።

የፊደላችን ጥያቄም ገና አላለቀም። ዛሬ በተለመደው ዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ነው፤ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት። «ሰላም» 9 ባይት ይፈጃል። ጽሑፍን በባይት ቆራርጠው የሚማሩ ሞዴሎች ላይ የኛ ዓረፍተ ነገር ብዙ ቁራጭ ይሆናል፤ ብዙ ቁራጭ ማለት ደግሞ ብዙ ቪራም ማለት ነው። የ1981ዱ ጥያቄ ልብሱን ቀይሮ ተመልሷል።

የአጎቴ ቤት ያለበት ክፍለ ከተማ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ይባላል። ንፋስ ስልክ፣ ሽቦ ሳይኖረው በአየር የሚሄድ ስልክ። ሽቦ አልባው መሣሪያ አዲስ በነበረበት ዘመን የነበሩ ሰዎች የሚሠራውን ሥራ አይተው በራሳቸው ቋንቋ ስም አወጡለት። እናንተም ካርድ ስትመርጡ እንዲሁ አድርጉ፤ ስሙን ትታችሁ «ምን ይሠራልኛል?» በሉ፣ ከዚያ ካልኩሌተሩን አውጡ። ከመካከላችሁ አንዱ ደግሞ ቁጥሩ ለፊደላችን እንደማይበቃ ካገኘ፣ ያ የታይላንድ ተማሪ ያደረገውን አይርሳ።